11,560 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ምን ያህል ይርቃል? ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ መልሱን በሁለት ሰከንድ ያገኘዋል። ከቦሌ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አቋራጩ መስመር ቢለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ የበረራ ሰዓቱ ሲፈለግ ነው። አንዱ ገጽ 13 ይላል፣ ሌላው 14፣ ሦስተኛው ደግሞ 17። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል።

(ደለስ የተባለው ቨርጂኒያ ያለው ነው። ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር አይምታታ። ሐበሻ በሁለቱም አካባቢ ሞልቷልና ቲኬት ሲቆረጥ ስሙን ሁለቴ ማንበብ አይከፋም።)

ሦስቱም ቁጥሮች እውነትነት አላቸው። አንዱ ከዚያ ወደዚህ የሚመጣውን ይቆጥራል፣ ሌላው በካርታ ላይ ያለውን መስመር በአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍላል፣ ሦስተኛው ከዚህ ወደዚያ የሚሄደውን ከነማረፊያው ይደምራል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም የሚናገሩት አውሮፕላኑ ስላለፈው ሰዓት እንጂ ሰውየው ስላለፈው ሰዓት አይደለም። ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢሾፍቱ አጠገብ በሚገነባበት በዚህ ወቅት ደግሞ ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ግን አውሮፕላኑ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ በተለምዶ ሳይቆም 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን በአንድ ትንፋሽ አይደርስም። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ የኢትዮጵያ በረራዎች ባለፉት ዓመታት ደብሊን፣ ሮም ወይም ሎሜ ላይ እያረፉ ነው የቀጠሉት። ብዙ መንገደኛ ይህን የአየር መንገዱ የንግድ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከመሬቱ ይጀምራል።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቦሌ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አያነሣውም፤ ሞተሩም የሚምገው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ መፍጠንና የበለጠ መንደርደር አለበት። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ጎማም የሚችለው የፍጥነት ልክ አለው። የሚቀረው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው። ክብደት ደግሞ ሰው፣ ጭነትና ነዳጅ ነው። ሰውና ጭነት ገቢ ያስገኛሉ። ስለዚህ የሚቀነሰው ነዳጁ ይሆናል፣ የጎደለውም መንገድ ላይ ይሞላል።

በወረቀት ላይ ሲታይ እኮ ችግር የለም። ቦይንግ 787-8 ወደ 13,500 ኪሎ ሜትር፣ ኤርባስ ኤ350-900 ደግሞ ወደ 15,000 ኪሎ ሜትር መብረር እንደሚችሉ አምራቾቻቸው ይጽፋሉ። 11,560 ከሁለቱም ያነሰ ነው። ነገር ግን ያ የአምራቹ ቁጥር የሚሠራው ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ለሚችል አውሮፕላን ነው። ደለስ ላይ ይችላል፣ ቦሌ ላይ ይቸገራል። አውሮፕላኑ ያው ሆኖ አቅሙ እንደ ቆመበት መሬት ይለያያል።

ነፋሱ ደግሞ ይጨመርበታል። በከፍታው ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው፤ በሰሜኑ ክረምት ወራት ይበረታል። ለምሳሌ ያህል በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ከ12 ሰዓት ትንሽ ያለፈ ጊዜ ይበቃዋል። የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት፣ በነፋስ ብቻ።

ከፍታው ይህን ያህል ይወስናል ወይ ለሚል ተጠራጣሪ ጎረቤት አገር ምስክር ናት። የኬንያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከናይሮቢ ኒውዮርክ ሳይቆም መብረር ጀመረ። ርቀቱ 11,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው እንዲያውም ይበልጣል። አውሮፕላኑም ያው 787-8 ነው። ልዩነቱ ናይሮቢ 1,624 ሜትር ላይ መሆኗ ነው። 700 ሜትር ዝቅ ማለት አንድ ማረፊያ አስቀረ ማለት ነው።

ማረፊያው ራሱ የት ይሁን የሚለውም ሰዓት አለው። ካርታውን ጠፍጣፋ አድርጎ የሚያይ ሰው ደብሊን ሩቅ ሰሜን መስላ ስለምትታየው መንገዱ የተጠመዘዘ ይመስለዋል። ምድር ክብ ናትና ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በደብሊን በኩል ያለው መንገድ ሲደመር 11,830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአቋራጩ የሚበልጠው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሮም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሎሜ ግን ሌላ ነው። በቶጎ በኩል ዋሽንግተን ቢኬድ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭማሪ። አየር መንገዱ ሎሜን የሚመርጥበት የራሱ ምክንያት አለው፤ ከምዕራብ አፍሪካ የሚሰበሰበው መንገደኛ እዚያ ይሳፈራል፣ ሽርካው አስካይም መናኸሪያው እዚያ ነው። እንደ ንግድ ትክክል ነው። ከአዲስ አበባ ለሚሳፈረው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨማሪ በረራ መሆኑ በግልጽ ቢነገረው ምን ይጎዳል?

የፖለቲካውም ነገር አለ። አቋራጩ መስመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚሄደው፤ ሱዳንን አቋርጦ፣ ሊቢያን ነክቶ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። የሊቢያን ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ከዚያ በፊትም ይሸሹት ነበር። ካርታው ላይ ያለው 11,560 ስለዚህ ሰላም በሆነ ዓለም የሚለካ ቁጥር ነው። የጎረቤት ጦርነት በስደተኛው፣ በኮንትሮባንዱ፣ በገበያው ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ በአውሮፕላኑ ነዳጅና በመንገደኛው እግር እብጠትም ይመጣል።

አሁን ወደ ሰውየው፤ ወይም ወደ ሴትዮዋ። ልጇ ወልዳ ልታርሳት የምትሄድ እናት የዚህ መስመር የታወቀች መንገደኛ ናት። በሻንጣዋ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለአጥሚት የተዘጋጀ እህልና ዳቦ ቆሎ አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስድስት ሰባት ሰዓት በርራ አውሮፕላኑ ሲወርድ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቦርሳዋን ታወርዳለች። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት “እማማ፣ ገና ነን፤ ነዳጅ ሊሞላ ነው” ይላታል። እሷ ስትነሣ የሰማችው የልጇን ድምፅ ነው፤ ልጇ ደግሞ “13 ሰዓት ነው እማዬ፣ ተኝተሽ ትደርሻለሽ” ብላታለች። ልጅቷ የነገረቻት የመልሱን ሰዓት ነው። ለሰባ ዓመት ሴት፣ ጉልበቷ ለሚያማት፣ በ13 ሰዓትና በ17 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒቷን በእጅ ቦርሳ መያዝና አለመያዝ ነው።

ከሰዓቱ በፊት ደግሞ ሰዓት አቆጣጠሩ አለ። ቲኬቱ ላይ 22:30 የሚለው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህን ሁሉም ለምዶታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ቲኬቱ “ማክሰኞ 00:15” ቢል በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ያ ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ15 ነው። ቀኑ በፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፣ በሐበሻ ግን ጎህ ሲቀድ ነው አዲስ ቀን የሚባለው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተመርቆና ተለቅሶ ቦሌ የሚደርስ ቤተሰብ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው እንደሆነ የሚሰማው በሩ ላይ ነው። ይህን በአንድ መስመር አማርኛ ቲኬቱ ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፤ “ሰኞ ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሂዱ” ማለት ብቻ ነው። ባለ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ በአንድ ቃል ይበላሻል።

ከሁሉም የከፋው ግን የሐዘን ጉዞ ነው። እዚህ ላይ ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ አባት አዲስ አበባ ውስጥ ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አረፈ እንበል። ወቅቱ የአሜሪካ ክረምት ከሆነ ዋሽንግተን በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ ገና እሑድ ማታ 4 ሰዓት ነው። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ይኖራል። በወጉ ከሄደ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጆቹ ተጠራርተው ሊነጋጋ ሲል ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ቀስ ብለው ያረዱታል። (አሁን አሁን ፌስቡክ ቀድሞ እያረዳ ወጉን አፍርሶታል።) ከተረዳ በኋላ አልቅሶ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ፓስፖርቱን ፈልጎ፣ ዜግነት ለውጦ ከሆነ ቪዛውን ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አረጋግጦ፣ መቀመጫ አግኝቶ ረፋድ ላይ ደለስ መድረስ አለበት። ሁሉም ከተሳካለት፣ አውሮፕላኑ በዋሽንግተን ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ቢነሣ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይወርዳል።

ሲደመር አባቱ ካረፈ 26 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ ያለፈው 13 ነው። ኪሎ ሜትሩ የሚያስረዳው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የመርዶ ወግ፣ የወረቀት፣ የመቀመጫና የመንገድ ነው። ደግሞ ይህ የተሳካው ቀን ነው። ቀብሩ ሰኞ ከሰዓት ከሆነ አልደረሰም። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ጀናዛ አይቆይም፤ ስሌቱም አያስፈልግም። የዚያን ዕለት መቀመጫ ከጠፋ ወይም በዱባይ፣ በኢስታንቡል፣ በፍራንክፈርት ዞሮ መምጣት ግድ ከሆነ ለሣልስት ይደርሳል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለቀብር ደረስኩ የሚል ሰው ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ እስኪመጣ ሬሳ ማቆየት ጀምሯል፤ ይህም የራሱ ወጪና የራሱ ሰቀቀን አለው።

እንግዲህ ቢሾፍቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አቡሴራ ላይ ነው የሚገነባው። ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል፤ ቦሌ ከተስፋፋ በኋላ አቅሙ 25 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚከራከረው በእነዚህ ቁጥሮችና በብድሩ ላይ ነው፤ ከመሬታቸው የተነሡትን ገበሬዎች የሚያነሣውም አለ፣ ሊያነሣም ይገባል። ለዋሽንግተን መንገደኛ ግን ትልቁ ቁጥር ሌላ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

400 ሜትር ቀላል አይደለም። አየሩ ይወፍራል፣ መንደርደሪያው እንዲረዝም ቦታ አለ፣ አውሮፕላኑ ብዙ ነዳጅ ይዞ ይነሣል። ናይሮቢን ግን አያክልም፤ አሁንም 300 ሜትር ገደማ ይበልጣታል፣ ደጋው ደጋ ነው። ስለዚህ ከቢሾፍቱ ሁሉም አውሮፕላን ሙሉ ጭነት ይዞ ሳይቆም ዋሽንግተን ይገባል ብሎ ማስጨብጨብ ይቸኩላል። እውነተኛው ተስፋ ግን አለ፤ በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ማረፊያው ሊቀር ይችላል፣ ማረፊያው ከቀረ ደግሞ ያች እናት ሁለት ሦስት ሰዓት ታተርፋለች።

ትርፉን መሬት ላይ መልሶ መብላት ግን በጣም ቀላል ነው። ዛሬ ከቦሌ የወጣ ሰው መገናኛም ሃያ ሁለትም ቢሄድ ከተማው ውስጥ ነው። ነገ 40 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ራሱ ጥሩ መንገድ ነው፤ ጭንቁ ከእሱ ወጥቶ ወደ ከተማ መግባቱ ላይ ነው። ቃሊቲን በጠዋት ያየ ያውቀዋል። ባቡር በዕቅዱ ውስጥ አለ ተብሏል፤ መልካም። የባቡር ነገር ሲነሣ ግን የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ትምህርት ሊሆን ይገባል። ባቡሩ ዘመናዊ ነው፣ ጣቢያው ግን ከከተማው ዳር ለቡ ሄዶ ተቀመጠ፤ የድሬዳዋ መንገደኛ ገና ባቡር ሳይሳፈር ታክሲ ለታክሲ ሲዘዋወር ጠዋቱ ያልቅበታል። የቢሾፍቱው ባቡር ከተማ መሃል የማይገባ፣ ሌሊት የማይሠራ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የማያስገባ ከሆነ ቁጥሩ በዜና ላይ ያምራል እንጂ ሰውን አያደርስም።

አንድ መከራከሪያ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ከባድም መከራከሪያ ነው። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ገንዘቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከተላላፊ መንገደኛ ነው። ከሌጎስ ጓንጁ የሚሄደው ነጋዴ ከበር እስከ በር ነው የሚራመደው፤ አርባው ኪሎ ሜትር ለእሱ የለም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1946 በአስመራ በኩል ካይሮ ሲበር ከጀመረበት ቀን እስከዛሬ ያደገው አዲስ አበባን የአህጉር መጋጠሚያ በማድረግ ነው፤ አዲሱም ማረፊያ ብድሩን የሚከፍለው በዚሁ ነው። እውነት ነው። ግን ይህ እውነት ራሱ አደጋው ነው። ገንዘቡ ከተላላፊው የሚመጣ ከሆነ ንድፉም ለተላላፊው ያደላል። በር፣ ሱቅና ማረፊያ ክፍል ይቀድማሉ፣ የከተማው ባቡር ወደ “ሁለተኛ ምዕራፍ” ይገፋል። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚባለው ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። አገሩ ላይ የሚወርደው ሰው ቁጥሩ ቢያንስም አገሩ የእሱ ነው፤ ዶላሩንም የሚልከው እሱ ነው።

ስለዚህ ከግንባታው ኃላፊዎች የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት ሚሊዮን መንገደኛ፣ ስንት መንደርደሪያ ብቻ ሊሆን አይገባም። አውሮፕላኑ መሬት ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ መንገደኛው ፒያሳ እስኪደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በቀን ስንት፣ በሌሊት ስንት? ይህ ቁጥር ዛሬ፣ መሠረቱ ሳይደርቅ፣ በይፋ ይነገር፤ ከተነገረ በኋላ የሚለካና የሚጠየቅበት ይሆናል።

ከዚህም የባሰው መልስ ያላገኘው የክፍለ ሀገሩ ሰው ነው። ዛሬ ከደለስ መጥቶ ጎንደር፣ መቀሌ ወይም ኮምቦልቻ የሚሄድ መንገደኛ ቦሌ ላይ ይወርዳል፣ ፓስፖርቱን ያስመታል፣ ሻንጣውን ይዞ እዚያው ግቢ ውስጥ ወደ አገር ውስጡ ተርሚናል ይሻገራል። የውጭው በረራ ቢሾፍቱ ሄዶ የአገር ውስጡ ቦሌ ከቀረ ግን በሁለቱ በረራዎች መካከል 40 ኪሎ ሜትርና ሙሉ የቃሊቲ መንገድ ይገባበታል። ጠዋት 2 ሰዓት የወረደ ሰው ፓስፖርት 1 ሰዓት፣ ሻንጣ ግማሽ ሰዓት፣ መንገድ ሁለት ሰዓት፣ ፍተሻ አንድ ሰዓት ብሎ ቢቆጥር ቀትር አለፈ። የረፋዱ የጎንደር አውሮፕላን ያኔ ተመልሶ እየመጣ ነው።